ለእሷ ያልሆነ ደሜ

ባለቤቴን ሳገባት አንድ ጊዜ ተድራ ባሏ እንደሞተባት አውቅ ነበር። አልደበቀችኝም። የመጀመሪያ ባሏ ከአፋር በኩል ፍየልና ግመል እየገዛ ጎብዬና ቆቦ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሳል ይዞት፣ ከስቶ ከስቶ ሞተ። የሳንባ ነው ተብሎ ተቀበረ። እሷም የሳንባ ነው ብላ አመነች፤ እኔም እሷ ያለችውን አመንኩ።

በዚያን ጊዜ እኔ ቆቦ ሜዳ ላይ ከጉድጓድ ውሃ የሚስቡ ፓምፖችን እጠግን ነበር፤ ዛሬም ሥራዬ ያው ነው። እሷ ገበያው አጠገብ ካለ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ልብስ ትሰፋ ነበር። በነሐሴ፣ በሶለል በዓል ሰሞን የልጃገረዶቹን ቀሚስ፣ በኢድ ሰሞን ደግሞ የእኛን ሰዎች ጀለቢያ ስትሰፋ ትውል ነበር። የተዋወቅነው ጉልበቱ የተቀደደ የሥራ ሱሪዬን ይዤላት ሄጄ ነው። ገልበጥ አድርጋ አየችውና ይሄን ከማሰፋ አዲስ ብገዛ እንደሚሻለኝ ነገረችኝ። ግን ሰፋችው። ከዚያ በኋላ ያልተቀደደም እየወሰድኩ አሰፋ ጀመር።

ያረገዘችው ከተጋባን አራተኛው ዓመት ላይ ነው። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ለነፍሰ ጡር ሁሉ የሚደረገው የደም ምርመራ ተደረገላት። በማግስቱ ከባልሽ ጋር ነይ ተባለች። እኔ ስለ እርግዝናው ሊመክሩን መስሎኝ ከማሳ በቀጥታ፣ እጄ ግራሶ እንደነካው ሄድኩ። የክትትሉ ሲስተር በሩን ዘግታ አስቀመጠችን። መጀመሪያ ብዙ ነገር ተናገረች፤ መድኃኒት እንዳለ፣ ልጁ ነጻ ሆኖ ሊወለድ እንደሚችል፣ ከዚህ ጋር ሰው አርጅቶ እንደሚሞት። ምን ለማለት እንደሆነ የገባኝ ባለቤቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀስ እያለች ወደ ፊት ስታዘነብል ሳይ ነው። ክንዷን ያዝኩ።

ከዚያ የእኔ ደም ተወሰደ። እኔ ነጻ ነኝ ተባልኩ። ስህተት ነው አልኩ። ሲስተሯም እርግጠኛ ለመሆን ከሦስት ወር በኋላ እንድመለስ አዘዘችኝ። ተመለስኩ፤ አሁንም ነጻ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ተመርምሬያለሁ፤ ውጤቱ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም።

ነጻ ነህ መባል ደስ የሚያሰኝ ይመስለኝ ነበር። አያሰኝም። ከአንድ ሳህን ስንበላ፣ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ አራት ዓመት ሙሉ ኖረን፣ እሷን ይዞ እኔን የተወኝ ምን እንደሆነ ሳስብ የሆነ ነገር ሰርቄ የተያዝኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። እሷ ግን ከእኔ በላይ የምትፈራው ለእኔ ነበር። የሁለተኛው ምርመራ ቀን ቤት ስንደርስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣

“አንተ የለብህም አይደል? በአላህ ማልልኝ” አለችኝ።

ማልኩላት።

“እንግዲህ መሄድ ትችላለህ። አልቀየምህም።”

ምሳ እንዳልበላሁ ነገርኳት። ገብታ እሳት አያያዘች። ስለ መሄድ ከዚያ ወዲህ አላነሳንም።

እናቴ የምትኖረው በዋጃ በኩል ባለ ቀበሌ፣ ማሽላ ማሳ መሃል ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማ ብዬ እኔው ሄጄ ነገርኳት። ስጨርስ ባለቤቴን እንደማትጠላት፣ ሙያዋንም ጠባይዋንም እንደምትወድ፣ ግን ልጇን ቀብራ የምትኖርበት ጉልበት እንደሌላት ተናገረች።

“ፍታት” አለች። “ስትወልድ ልጁን እኔ አሳድጋለሁ።”

“እማየ፣ እኔን እኮ አልያዘኝም።”

“ዛሬ አልያዘህም።”

ለምን እንዳልያዘኝ እኔም የማውቀው ነገር የለም። ዱዓ አድርጊልኝ ብዬ ተነሳሁ።

ልጃችን ሴት ሆና ተወለደች፤ በተወለደች በሰዓታት ውስጥ ሽሮፕ ተሰጣት፣ በኋላም ተመርምራ ነጻ ሆነች። ባለቤቴ ሰው ሁሉ ዕድሜ ማራዘሚያ የሚለውን መድኃኒት በየማታው ከእራት በኋላ ትውጣለች። ሲስተሯ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ተኝቷል፣ በዚህ ዓይነት ወደ አንተም አይተላለፍም ትለኝ ነበር። ባለቤቴ እየወፈረች፣ ቀለሟ እየተመለሰ መጣ። መኪናዋን ከበረንዳው አንስታ ወደ ራሷ ትንሽ ክፍል አስገባች። እኔም አንዳንድ ቀን በሽታው መኖሩን ረስቼ እውል ነበር። እነዚያን ዓመታት አሁን ሳስባቸው ምንም የምናገረው ታሪክ አላገኝባቸውም፤ ሠርተን ገባን፣ በላን፣ ልጅቱ ጥርስ አወጣች፣ ትምህርት ቤት ገባች። እንደነዚያ ያለ ጊዜ ዳግም አልመጣልንም።

ጦርነቱ ወደ እኛ በኩል ሲደርስ መጀመሪያ መብራቱ ጠፋ፣ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ፓምፖቹ ነዳጅ አጥተው ቆሙ። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደረቀ። እኔ ሥራ ፈትቼ ቤት ዋልኩ። ብዙ ሰው የፈራው ጥይቱንና ረሃቡን ነበር፤ እኛ ከዚያ ላይ የሚጨመር ሌላ ፍርሃት ነበረን፤ ለጎረቤት ግን አናወራውም። የመድኃኒቱ ብልቃጥ እየጎደለ ነበር።

ጤና ጣቢያው ባዶውን ቀርቷል። ሲስተሯን ቤቷ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። የትም አልሸሸችም፤ ልጆቿን ይዛ ደጇን ዘግታ ተቀምጣለች። ለሁሉም የምትነግረውን ለእኔም ነገረችኝ፦ በእጇ ምንም የለም፣ መቼ እንደሚመጣም አታውቅም። መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዘለለች እንዳትወስድ፣ እንደዚያ ከሆነ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ። እስኪገኝ ድረስ ሌላ በሽታ እንዳይዛት ጠብቃት አለችኝ። በምን እንደምጠብቃት ሳላውቅ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ባለቤቴ የመጨረሻዋን ፍሬ ስትውጥ ልጃችን እንዳታይ ጀርባዋን አዙራ ነበር። ባዶውን ብልቃጥ አልጣለችውም፤ አጥባ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ አደረገችው።

ጎብዬ ውስጥ ከእሷ ጋር በአንድ ቀን ክትትል ያላት አንዲት ሴት እንዳለች ነግራኝ ታውቅ ነበር። በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ መኪና የለም፤ ሰውም ጥቂት ነው። አገልግል ሰፊ ስለሆነች በሥራዋ ጠይቄ አገኘኋት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ደነገጠች፤ ዙሪያዋን አየችና አስገባችኝ። ለምን እንደመጣሁ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ከሣጥን ውስጥ ብልቃጧን አወጣች። ስታነቃንቀው ድምፁ ትንሽ ነበር።

“ለራሴም አይበቃኝም” አለች። “ግን ባዶ እጅህን አልሰድህም።”

ከዚያው ላይ ከፍላ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቆቦ እስክደርስ ደረት ኪሴን እየዳበስኩ ነው የተጓዝኩት። ባለቤቴ ወረቀቱን ፈታ አየችና ማን እንደሰጠኝ ጠየቀች። ስነግራት ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው።

“መልስላት።”

እንዳላስቸገርኳት፣ በፈቃዷ እንደሰጠችኝ ነገርኳት። ለጥቂት ቀን እንኳ ትውሰደው ብዬ ለመንኳት፤ ለልጃችን ስትይ አልኳት።

“እሷም ልጆች አሏት” አለችኝ። “የእሷን ዕድሜ ነው ያመጣህልኝ። እኔ ይሄን ውጬ እንቅልፍ አይወስደኝም።”

በማግስቱ ያንኑ መንገድ ተመልሼ ሄድኩ። የጎብዬዋ ሴት ወረቀቱን ስሰጣት አልተከራከረችኝም፤ ተቀብላኝ ወደ ብልቃጧ መልሳ ጨመረችው። ውሃ ሰጥታኝ ጠጣሁ። ያን ቀን በመንገድ ላይ ምን ያህል ከንቱ እንደሆንኩ ገባኝ። የሚጠገን ነገር ቢሰጡኝ እጠግን ነበር።

እናቴ ከዋጃ በኩል በእግሯ መጣች። ጀርባዋ ላይ የማሽላ ዱቄት አዝላለች፤ የዚያ ዓመት እህል ከየት እንዳገኘችው አልጠየቅኳትም። ለባለቤቴ ዱቄቱን አስረክባ፣ ልጅቱን ስማ፣ ከእኔ ጋር ደጅ ስትወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መድኃኒቱ ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተገኘም አልኳት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

“ያኔ ፍታት ያልኩህን ሰምታ ይሆን?”

አላውቅም አልኳት። እኔ ነግሬያት አላውቅም። እናቴ ከዚያ ገብታ ማታውን ሙሉ ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈለቅቅ አመሸች። ስለዚያ ነገር ግን ምንም አልተነጋገሩም። በኋላ ለባለቤቴ ሳነሳላት የዚያኑ ሳምንት ሰምታ እንደነበር፣ እናት ሆና እሷም ያንኑ እንደምትል ነገረችኝ።

መድኃኒቱ ካለቀ ወራት አለፉ። በውጭ ሲያዩዋት ምንም የሆነች አትመስልም። ትንሽ ከሳች፤ ግን በዚያ ጊዜ ያልከሳ ማን ነበር። አንድ ቀን ግራ ግንባሯን እያቃጠላት እንደሆነ ነገረችኝ። ፀሐይ ነው ብለን ተውነው። በማግስቱ ቆዳው ቀላ፣ በሦስተኛው ቀን ከፀጉሯ መነሻ እስከ ቅንድቧ ድረስ ውሃ የቋጠረ ነገር ተደረደረ። ከግንባሯ መሃል ወደ ቀኝ አንዲትም አላለፈችም፤ በክር የተለካ ይመስል ግማሹን ብቻ ነበር የያዛት።

ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ትልቅ ሴት ገና ከበር ላይ ሆነው አይተው ለይተውታል። “አልማዝ ባለጭራ ነው” አሉ። ሸረሪት ሄዶባት እንደሆነ፣ ለዚህ ቅጠል የሚያውቅ ሰው እንዳለ ነገሩን። ሰውየው መጣ፤ ቅጠሉን ደቁሶ ዙሪያውን ቀባላት። ከዓይኗ እንዳይጠጋ ተጠንቅቆ ነው የሠራው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። እሷ ግን ሕመሙ አልቀነሰላትም። የጋለ ሽቦ ይገባና ይወጣብኛል ትላለች። ቅጠሉን በተቀባች በሦስተኛው ቀን ማታ ዓይኗ አብጦ ተከደነ።

ሲስተሯን ለምኜ ቤት አመጣኋት። ባለቤቴን ወደ ብርሃኑ አዙራ ስታያት ቆየች። ግንባሯን አይታ አለፈችው፤ ግን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወጣችውን አንዲት ፍሬ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ውጭ ጠራችኝና ያች ምልክት ስትታይ በሽታው ዓይን ውስጥ መግባቱን እንደምትናገር ገለጸችልኝ። ገና እንደወጣ ቢወሰድ የሚያቆመው ክኒን አለ፤ በቆቦ ግን የለም። ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ መንገዱ ደግሞ ዝግ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች እዚያ መቆም ለሲስተሯም ከባድ ነበር። የፈላ ውሃ በጨው አቀዝቅዤ እንዳጥብላት አሳየችኝና ሄደች። እኔም አጠብኩላት። ከዚያ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም። ጠዋት አጠብኩ፣ ማታ አጠብኩ።

መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች በአንዱ ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ ወሰድኳት። በዚያን ጊዜ ቁስሉ ደርቆ ነበር። የዓይን ሐኪሟ ሴት ናት፤ በመሣሪያዋ ረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኑ ላይ ያለው መስታወት የሚመስለው ሽፋን ጠባሳ እንደያዘ፣ በዚያ ዓይን ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በላይ እንደማታይ ነገረችን። በጊዜ መጥታችሁ ቢሆን አላለችም። ስላላለች አመሰገንኳት፤ ባለቤቴ ግን ራሷ ጠየቀች። በጊዜ መጥታ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ አለቻት። ሐኪሟ ምናልባት አለችና ጓንቷን አወለቀች።

መድኃኒቱን እንደገና ጀመረች። ለክትትሉ ደሴ ያገኘነው ዶክተር ወጣት ነው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። እኔም አንድ ልቤን የሚበላኝን ነገር ጠየቅኩት። ከኤች አይ ቪ ጋር አልማዝ ባለጭራን ምን አገናኘው? ብዬ።

በሽታው ከውጭ የመጣ እንዳልሆነ፣ በልጅነቷ ጉድፍ ሲወጣባት የገባው ቫይረስ እንደሆነ ነገረን። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ አይወጣም፤ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ብቅ እንዳይል የሚጠብቁት የመከላከያ ሴሎች ብዙ ዓይነት ናቸው። ከእነሱ መካከል ደግሞ በተፈጥሮ ገዳይ የሚባሉ አሉ። ሌሎቹ አንድን ጠላት ለይተው እስኪያውቁት ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ እነዚህ ግን ማንም ሳያስተምራቸው ቫይረስ የገባበትን ሴል ከጤነኛው ይለዩና ወዲያው ይገድሉታል። ኤች አይ ቪ ቀስ በቀስ ያደክማቸዋል አለ። በቁጥር አሉ፤ ግን ሲሄዱ የታመመውን ሴል አይተው ያልፉታል፤ ለመግደል የሚረጩት ነገር ይነጥፋል። የማይሠሩት እየበዙ፣ የሚሠሩት እያነሱ ይሄዳሉ።

ባለቤቴ መድኃኒቱን ስለጀመረች አሁን ይመለሱ እንደሆነ ጠየቀችው። ዶክተሩ አልዋሸንም። ቫይረሱ ሲተኛ ብዙው ነገር ይመለሳል፣ እነዚህ ግን በሁሉም ሰው ላይ እንደ ድሮው አይመለሱም፤ ደክመው የሚቀሩ አሉ አላት።

“ስንቱ እንደደከመ በደሜ ይታያል?”

እኛ ሀገር በተለመደው ምርመራ እነሱን የሚያሳይ ነገር እንደሌለ ነገራት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ሞተሩ እየጮኸ ውሃ የማይስብ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ቢሆን እከፍተው ነበር።

ከዚያ ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ የእኔን ሁኔታ ጠየቀኝ። ከመመርመሯ በፊት አራት ዓመት አብረን እንደኖርን፣ እኔን ግን እንዳልያዘኝ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። እንደኔ ያሉ ሰዎች እንዳሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ እነዚያ ገዳይ ሴሎች ከተወለዱ ጀምሮ ንቁ ሆነው እንደተገኙ ነገረኝ። “ይሆናል እንጂ ነው አልልዎትም” አለኝ። “ዕድልም ሊሆን ይችላል።”

ያን ሁሉ ዓመት የፈለግሁት መልስ ይሄ ነበር። እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

“ዶክተር፣ ታዲያ ከእኔ ወስዳችሁ ለእሷ መስጠት አይቻልም?”

አልሳቀብኝም። እጄን አየ፣ እሷን አየ። የሌላ ሰው ሴል ሰውነቷ ውስጥ እንደማይቆይ፣ ሰውነት ባዕድ ነው ብሎ እንደሚያጠፋው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በውጭ ሀገር ለካንሰር የሚሞክሩ እንዳሉ፣ ለዚህ ግን ተሠርቶ ያለቀ ነገር እንደሌለ ጨመረ። እኔ ግን ትንሽም ቢሆን፣ አንድ ብልቃጥም ቢሆን አልኩት። የምለው እንደማይሆን እያወቅኩ ነው የማወራው። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችኝና፣

“አብሽር፣ ተወው” አለችኝ። “ያንተ ላንተ ይሁን። ልጅቱን የሚያሳድግ ይተርፋል።”

እስከዚያ ቀን ድረስ ነጻ መሆኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁን ሊሆን የሚችለውን አወቅሁ። ማወቄ ግን ለእሷ ያመጣላት ነገር የለም። ደሜ እሷን የማይረዳ ከሆነ በውስጡ ምን እንዳለ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር ብዬም አስቤያለሁ።

ዓይኗን እንደምንም ለመደችው። ሥራዋንም ጀመረች፤ ጨርቁን ወደ ቀኝ ታደርግና ትሰፋለች፣ ጥቁር በጥቁር ክር ሲሆን ልጃችንን ትጠራለች። ያልለመደችው ሕመሙን ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሕመሙ አብሯት ቀረ። ነርቩ ተጎድቷል አሉን። የሻሿ ጫፍ ግንባሯን ሲነካ፣ ነፋስ ሲነፍስ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይነካት ድንገት ይመጣል። ልብስ እየለካች፣ መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ለድብርት የሚሰጥ ክኒን ለዚህም ይሆናል ተብሎ ታዞላት ትወስዳለች፤ ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ልጃችን እናቷን ስትስም በቀኝ በኩል ዞራ መሳም ለምዳለች። ማንም አላስተማራትም።

መጀመሪያ ሰሞን ሕመሙ ሲመጣ ምን ላድርግልሽ እላት ነበር። ውሃ አመጣለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ፣ እጇን እይዛለሁ። አንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ፣ “አትየኝ” አለችኝ። “አንተ ስታየኝ የአንተን ፊት ደግሞ ማየት አለብኝ።” ከዚያ ወዲህ ሲይዛት ወጥቼ ደጅ እቆማለሁ። ሲለቃት የመኪናዋ ድምፅ እንደገና ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እገባለሁ።

ባለፈው ክረምት የደሟ ውጤት መጣ። ቆቦ ያለችው ያችው ሲስተር ጠርታን ቫይረሱ በምርመራ እንደማይታይ በደስታ ነገረችን። ለእሷ ትልቅ ነገር ነው፤ በመቋረጡ መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል ብላ ስትፈራ ቆይታለች። ባለቤቴንም አቀፈቻት። እኔም አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው። ባለቤቴ አመስግና፣ የሚቀጥለውን መድኃኒቷን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ወደ ቤት በባጃጅ ተሳፈርን። ዝናብ ሊጥል ሲል ከራያ ሜዳ የሚነሳው አቧራ የተሸከመ ነፋስ ተነስቶ ነበር። እሷ በውስጥ በኩል ተቀምጣ ሹፌሩን የጎኑን ሸራ እንዲያወርድላት ጠየቀችው። ሸራው ተቀዷል፣ አይያዝም አላት። ሻሿን ወደ ፊት ልትስብ ስትል ሕመሙ ያዛት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጉልበቷ ከጉልበቴ ጋር ተጣበቀ። ነፋሱን ልከልልላት እጄን ወደ ግንባሯ ሰደድኩና ስለማታስነካኝ ከቆዳዋ ትንሽ ራቅ አድርጌ በአየር ላይ ያዝኩት። ባጃጁ በየጉድጓዱ ይዘላል፤ እጄም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እንዳይነካት ብቻ እየተጠነቀቅኩ እስከ ቤታችን ድረስ እንደዚያው ሄድን።